«የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» አለኝ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ከተጋባን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ ልጅ ግን አልወለድንም። አማቴ በመጡ ቁጥር ቡናው ከአቦል ሳያልፍ ነገሩን ያነሡታል፤ ባለፈው ፋሲካም እንግዳ በተሰበሰበበት «የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት ቤት» ብለው አንገቴን አስደፉኝ። ሁለት ጊዜ ጠበል ወስደውኛል፤ የሚልኩልኝንም ሥራ ሥር ሁሉ ጠጥቻለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ እናቱን አንድ ቀን እንኳ «ይብቃ» ብሎ አያውቅም።

እኔ ግን የእሱን ገመና ሸፍኜ ኖሬአለሁ። በተጋባን በዓመቱ ሲሸና እያቃጠለው መግል ቢወጣው «የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» አለኝ፤ ሲፕሮ ገዝቶ ዋጠና በሦስት ቀን ተሻለው። አምና ተመልሶበት እንደዚያው አለፈ። እኔን ያኔ እንብርቴ ሥር ለሳምንት ያህል ከመቁረጡ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሱንም እናቴ ምች ነው ብላ በዳማከሴ አሸችኝ። አማቴን ምን ብዬ ዝም ላሰኛቸው? ለመሆኑ እኔስ ሳያመኝ መመርመር ነበረብኝ?

ልቧ የደከመ፣ ከደብረ ብርሃን

ልጄ ሆይ፣

እኔን ያስደነገጠኝ ዳማከሴው ነው። የባልሽ ምልክት የጨብጥ ነው፤ ክላሚዲያ የተባለው ሌላ የአባላዘር በሽታም አብሮት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱንም ድንጋይ አያስይዝም። ጨብጥ ወንዱን አብዛኛውን ጊዜ ያቃጥለዋል፤ ሴቷ ላይ ግን ሁለቱም ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ ማኅፀን ቱቦዎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ቱቦው ቆስሎ ሲሽርም ጠባሳው የዘሩን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ያ የሳምንት ቁርጠት ምች ላይሆን ይችላል። ሲፕሮውንም የጨብጥ ጀርም ከለመደው ቆይቷል፤ ክላሚዲያንም በወጉ አያጠፋም።

መመርመር ነበረብሽ፤ እሱ ያመመው ሰሞን። አሁንም ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂ፤ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራም አብሮ እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ቂጥኝ የማያም ቁስል አውጥቶ ቁስሉ በራሱ ይደርቃል፤ ሰው ተገላገልኩ ሲል ግን በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ይቆያል፣ ያረገዘች እናትም ለጽንሷ ታስተላልፈዋለች፤ ሆኖም በጊዜ ከተደረሰበት የፔኒሲሊን መርፌ ያድነዋል። ኤችአይቪ ቢገኝ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ከሄፓታይተስ ቢ ነፃ ከሆንሽ ደግሞ ክትባቱን ውሰጂ።

ለምርመራው ባልሽን ትተሽ ብቻሽን እንዳትሄጂ። አንድ ላይ ካልታከማችሁ አንዳችሁ ለሌላው ትመልሱታላችሁ፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀን አትገናኙ። ከየት እንዳመጣው ትጠይቂው እንደሆነ፣ እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር፤ ግን ምርመራውን ለጭቅጭቅ ብለሽ አታዘግዪው። የዘር ፈሳሹም ይመርመር፤ የልጅ ማጣት ምክንያት በወንዱም በኩል ሊሆን ይችላልና። ስድብሽን እየሰማ ዝም ያለ ሰው አሁን አፉን ሊከፍት ይገባል፤ ለእናቱ «እኔም እየታከምኩ ነው» ብሎ የሚነግራቸው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።