ወረቀቱን ከመጣላችሁ በፊት

ይድረስ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚሻገር የንግድ ድርጅት ለተቀጠራችሁ የአይቲ ልጆች፤

ሥራ ስትጀምሩ ወደ ሰርቨር ክፍል አትሩጡ። መጋዘን ውረዱና የወረቀቱን መንገድ ተከተሉ። በብዙ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ጠያቂው፣ ፈቃጁና ንብረት ያዡ ለየብቻ ናቸው። ቼክ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ ከደረሰኝ ጥራዝ አንድ ቅጠል ቢጎድል ኦዲተር ይጠይቃል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ መስረቅ እንዳይችል የተበጀ ጥበቃ ነው።

በሽግግሩ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ሶፍትዌሩ ይጫናል፤ ጫኚው ሁሉን ማድረግ የሚችል «አድሚን» የሚባል አካውንት ከፍቶ ይሄዳል፤ ፓስወርዱ በቢጫ ቁራጭ ወረቀት ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ጠያቂውም አድሚን፣ ፈቃጁም አድሚን፣ አስረካቢውም አድሚን። ሃምሳ ኩንታል ስኳር ቢጎድል ሲስተሙ የሚነግራችሁ «አድሚን አወጣው» ብቻ ነው።

ስለዚህ ዳታ መግባት ሳይጀምር በአንድ ገጽ ላይ ጻፉት፦ ማን ምን ያያል፣ ማን ይመዘግባል፣ ማን ያጸድቃል። የመዘገበ እጅ አያጽድቅ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት ይከፈትለት። ሠራተኛ ሲለቅ በሚዞርበት ክሊራንስ ላይ፣ ከንብረትና ከፋይናንስ ቀጥሎ፣ እናንተ የምትፈርሙበት «አካውንቱ ተዘግቷል» የሚል መስመር አስገቡ። በዚያው ቀን ሲሙንም ተመልከቱ። የድርጅቱ ቴሌግራምና ኢሜይል በአንድ የሽያጭ ሠራተኛ የግል ሲም የተከፈተበት ቤት ብዙ ነው፤ ልጁ ሲሄድ ደንበኞቹም አብረውት ይሄዳሉ። ሲሙ በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ ቴሌግራሙ ላይም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ።

ሌላው ቀዳዳ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ የተጫነበት ኮምፒውተር ነው። ወር ሲዘጋ ሒሳብ ሹሟ ከቤት እንድትሠራ ተብሎ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሩቅ ማዘዣው፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት ይከፈታል። መግቢያ በሩን፣ ፖርት 3389ን፣ ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ማሽኖች አሉ፤ ቁጥሩን መቀየር ለጥቂት ጊዜ ይደብቃችሁ እንደሆነ እንጂ አያድናችሁም። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይግባ፤ ከፓስወርዱ በተጨማሪ ስልክ ላይ የሚወጣ ኮድም ይጠየቅ። ሶፍትዌሩ ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን) ከሆነማ፣ መጫኛው ላይ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሌባ ዘበኛውን አስተኙልኝ ቢላችሁ እሺ ትላላችሁ?

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ላይ ትንሽ ልቆይ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ በአንድ የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ተሸሽጎ ተሰራጨና የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ሥራ አስቆመው። የሠራተኞቹን አካውንት የሚይዙት ሰርቨሮች እርስ በርስ ቅጂ ስለሚለዋወጡ ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ አልነበራቸውም፤ አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶበት! እኛ የምንራገመው መብራት መጥፋት ትልቁን ኩባንያ አተረፈው። እንዲያም ሆኖ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ለመጫን 10 ቀን ፈጅቷል።

ያዳነው ከመስመር ውጭ መሆኑ ነው። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ሁሉም ከፒችትሪ ሲወጣ በራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ ቅዱ፤ ክፍት ሳለ በኮፒ ፔስት የተወሰደ ፋይል በተፈለገ ቀን ላይከፈት ይችላል። እንዳለቀ ንቀሉት፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። አንዱ ቢሮ ሲሠራ ሌላው ከሕንፃው ውጭ ይደር፤ በየቅዳሜው ይቀያየሩ። በየሦስት ወሩ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሱትና የመጨረሻውን ደረሰኝ ፈልጉ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀም መዝግቡ። «ባክአፕ ተጠናቋል» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ አትተኙ።

ክፍያ ላይ ደግሞ፣ በስክሪንሾት ወይም ደንበኛው በሚያሳየው ኤስኤምኤስ ዕቃ አይውጣ፤ ገንዘቡ መግባቱን ገንዘብ ያዧ ራሷ የድርጅቱን አካውንት ከፍታ ታረጋግጥ። ድርጅቱ አስመጪ ከሆነና የውጭ አቅራቢ «ባንክ ቀይረናል» ብሎ ከጻፈ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን በድሮው ውል ላይ ባለው ስልክ ደውሉ። የአቅራቢው ኢሜይል ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል አድራሻው ትክክል መሆኑ ምንም አያረጋግጥም።

ከባዱ የቀረው ነው። ባለቤቱ «ቤቱ የእኔ ነው፣ አድሚኑን ስጡኝ» ይላሉ። አትከራከሯቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ ቢጠለፍ ሌባው ሁሉንም በር ይከፍታል» በሏቸውና ለዕለት ሥራ ማየት ብቻ የሚያስችል አካውንት ክፈቱላቸው። ዋናውን የአድሚን ፓስወርድ በወረቀት ጽፋችሁ ፖስታ ውስጥ አሽጉ፤ መዝጊያው ላይ እሳቸውና የፋይናንስ ኃላፊው ይፈርሙበት፤ ካዝና ይግባ። ፖስታው በተከፈተ ቀን ማን፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተው በመዝገብ ይጻፍ፤ ፓስወርዱ ይቀየር፤ አዲስ ፖስታም በሁለት ፊርማ ይታሸግ።