«አባቴን ልትሸጪ ነው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ሲያርፉ ግሩንዲግ ሬዲዮግራማቸውን (ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ አንድ ላይ ያለበትን ትልቅ ሣጥን) እና 60 የሚሆኑ የሙዚቃ ሸክላዎች ተዉልኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ልጃችንም የግል ኮሌጅ ልትገባ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ለሁሉም አንድ ላይ ደህና ዋጋ ጠርቷል። ባለቤቴ «ይሸጥ» ስትለኝ «አባቴን ልትሸጪ ነው?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በወጉ አንነጋገርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤዎ ረጅም ነው፤ ከላይ ያለው አጥሮ ነው። ከሁሉም የያዘኝ ግን በግማሽ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ሬዲዮግራሙ ከአባትዎ ተዝካር ወዲህ ለ7 ዓመት አልተከፈተም። ባለቤትዎ ግን ዳንቴሉን እያነሳች ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ትጠርገዋለች። አባትዎ አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት እርስዎ ለሥራ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበሩ። አጥሚቱን ያጠጣቻቸው እሷ ነች።

እንግዲህ «አባቴን ልትሸጪ ነው?» የተባለችው ይህች ሴት ነች። እኔ ብሆን እኔም አኩርፋለሁ።

ስለዚህ የዕቃው ነገር ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቋት፤ ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ቡና ሲፈላ ይበቃል። «ያን ጊዜ ቤት አልነበርኩም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው» ይበሏት። ከደብዳቤዎ የተረዳሁት ይህንን ነው። ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ማንም የማይከፍተው ሬዲዮ እንዲህ የሚያጣላው ውስጡ ሌላ ነገር ሲኖር ነው። ጸጸት ዕቃ ላይ ሲያርፍ ዕቃውን መንካት ያስፈራል። መሸጡም ያስፈራል፣ ማጫወቱም።

የዋጋው ጉዳይ ደግሞ አለ። ሰው የራሱ ያደረገውን ነገር ዋጋ ከፍ አድርጎ ያያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ ሰጡ። ኩባያው የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ካሰቡት እጥፍ ገደማ ሆነ። ኩባያው እጃቸው ከገባ እኮ ገና ደቂቃዎቹ ነበሩ! የአባት ግሩንዲግማ ምን ይባላል? እሷ የምታየው የኮሌጅ ክፍያ ነው፣ እርስዎ የሚያዩት አባትዎን። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

አሁን ወደ ዕቃው። እንዳለ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት። ለዓመታት ያልበራ የድሮ ሬዲዮ ካፓሲተሩ (ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ያረጃል፣ ጎማው ይደርቃል፤ ድንገት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሊቃጠል ይችላል። የድሮ ሬዲዮ የሚያውቅ ሠራተኛ ይየው። መርፌውም ይቀየር፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋል።

ሸክላዎቹንና ማሽኑን ለየብቻ ዋጋ ያስጠሩ። ይህ ከሥነ ልቦና ይልቅ የገበያ ምክር ነው፤ ይሁን። በ1960ዎቹ አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን የመሰሉ ትንንሽ ሸክላዎች የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ሳይቀሩ ይፈልጓቸዋል። ገዢው ዓይኑን ትልቁ ሣጥን ላይ ጥሎ ልቡ ትንንሾቹ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይሸጥ ወይስ ይቅር? እኔን ካሉኝ፣ ቤቱን ያጣበበው ማሽኑ ስለሆነ ማሽኑ ቢሸጥ አይከፋኝም። ፎቶ አንስተውት፣ ድምፁንም በስልክ ቀድተው ነው ታዲያ። ጥቂት ሸክላ ግን ይቅር፤ አንድ የጫማ ካርቶን እንኳ አይሞላም። ብቻ አቁመው ያስቀምጡት፤ ከተደራረበ ይጣመማል።

ከመሸጡ በፊት ሬዲዮው ተሠርቶ ሲመጣ አንድ ማታ ልጆቹ ባሉበት ይክፈቱት። የትኛው ሸክላ እንደሚቀር ባለቤትዎ ትምረጥ። አባትዎ አልጋ ላይ ሆነው የትኛውን ያንጎራጉሩ እንደነበር ከእርስዎ ይልቅ እሷ ታውቃለች።