ለታጣቂ የተሰጠ እንጀራና የአሜሪካ ኢሚግሬሽን

ወገኖቼ፣ አሜሪካ ውስጥ ስለ ስደተኛና ስለ አገር ደኅንነት የሚደረገውን ክርክር የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። የሜክሲኮ ድንበር ነገር ነው ብለን እናልፋለን። በኖቬምበር 2025 ግን ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት የብሔራዊ ዘብ አባላት በጥይት ተመቱ፤ አንድ የአፍጋኒስታን ተወላጅም ተከሰሰ። በቀናት ውስጥ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የአሳይለም (የጥገኝነት) ውሳኔ መስጠት አቆመ። ወረፋው ላይ የእኛም ልጆች ነበሩ።

ዲሞክራት እንዲህ አለ፣ ሪፐብሊካን እንዲያ አለ እያልን ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማንም የማያነሳው ሕግ ነው። ጠበቆች «ማቴሪያል ሰፖርት» (ቁሳዊ ድጋፍ) ይሉታል። ታጣቂ ቡድንን የደገፈ ሰው አሳይለምም ግሪን ካርድም እንዳያገኝ ይከለክላል። በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ጠበቀ፤ በ2005 ደግሞ ሰፋ።

«እኔን ምን አገባኝ፣ አልቃይዳ አይደለሁ» የሚል ብዙ ነው። ሕጉ ግን ቡድኑ የአሜሪካ የሽብር መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አይጠይቅም። መሣሪያ ያነሱ ሁለት ሰዎችም ቡድን ሊባሉ ይችላሉ። ለነፃነት ነው የታገሉት ማለትም አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ የአንዲት ኤልሳልቫዶራዊትን ጉዳይ አየ። ሽምቅ ተዋጊዎች በ1990 አፍነው ወስደዋት ነበር። ባሏን የገዛ መቃብሩን አስቆፍረው ገደሉት፤ እያየች። እሷን ምግብ አብስዪ፣ ልብስ እጠቢ አሏት። ቦርዱ ይህን ድጋፍ ነው አለ፤ መገደዷ አላዳናትም።

እስቲ አሁን አገራችንን አስቡ። ሌሊት በሯ ተንኳክቶ እንጀራና ውኃ ያቀረበች እናት ስንት ናት? ወንድሙ ታግቶበት ገንዘብ የከፈለስ? ቅጽ ሲሞሉ በትርጉም የረዳኋቸው ሰዎች ይህን የሚያስጽፉት የመከራቸው ማስረጃ አድርገው ነው። «ቤቴ ገብተው አብስዬ አበላኋቸው» ይላሉ። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ስለ ድብደባው ጠይቆ ሲጨርስ ወደዚያ ይመለሳል። ምን አበላሻቸው? ስንት ቀን? እምቢ ብትዪ ምን ያደርጉሽ ነበር?

ታዲያ እንደብቀው? በፍጹም። ውሸት የተገኘበት ሰው ኬዙ እዚያው ይበላሻል። ሁሉንም ለጠበቃ ንገሩ፤ መገደዳችሁንም በዝርዝር አስጽፉ። ማን መጣ፣ ምን ይዞ ነበር፣ ምን ብሎ አስፈራራ? ከ2007 ጀምሮ ተገድዶ ለሰጠ ሰው፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ለጥቃቅን ድጋፍ ምሕረት የሚደረግበት መንገድ አለ። እሱን የሚሰጠው ግን የአገር ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሆምላንድ ሴኩሪቲ እንጂ ዳኛው አይደለም። የሰፈር ኬዝ ጸሐፊ ይህን አያውቀውም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ጽፎ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል።

እዚህ ሆናችሁ የምትልኩት ገንዘብ ደግሞ የባሰ ነው። ያስገደዳችሁ የለማ። ቲክቶክ ላይቭ ላይ «ወንድማችን ይህን ያህል አስገባ» ተብሎ ስማችሁ ሲጠራ ደስ ይላል። ግን ገንዘቡ የታጣቂ እጅ ከገባ፣ ዜል በሚባለው የባንክ መላኪያ የላካችሁበት መዝገብም፣ የተቀዳው ቪዲዮም አይጠፋም። ዜግነት ስትጠይቁ ቅጹ ስለዚሁ ይጠይቃል፤ የምትፈርሙት ደግሞ በመሐላ ነው። የተራበ ወገን መርዳት የምትፈልጉ ደረሰኝ ለሚሰጥ፣ በሕግ ለተመዘገበ የእርዳታ ድርጅት ስጡ። የየትኛውም ወገን ደጋፊ ብትሆኑ ምክሬ ይኸው ነው።

ዜግነት ላገኛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። በ2006 ቺን ከሚባለው የበርማ ብሔረሰብ የሆነች አንዲት ሴት 1,100 የሲንጋፖር ዶላር ገደማ ለአንድ የቺን ታጣቂ ድርጅት በመስጠቷ አሳይለም ተከለከለች። ለአሜሪካ አደጋ እንዳልሆነች መንግሥት ራሱ አምኖ ነበር። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። አብያተ ክርስቲያናት ጮኹ፤ ኮንግረስም በ2007 መጨረሻ የቺንና የካረን (የሌላው የበርማ ብሔረሰብ) ድርጅቶችን በስም ጠቅሶ ከዚህ ሕግ ነፃ አደረገ።

እኛስ? ወደ ኮንግረስ ተወካያችን ቢሮ የምንደውለው የዘመድ ቪዛ ሲዘገይ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስትደውሉ ይህንንም ጨምሩ፦ ጠመንጃ ተደግኖባት ያበላች ሴት ደጋፊ እንዳትባል ሕጉ ውስጥ በግልጽ ይግባ በሉ። መልስ ካልሰጧችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን አስመዝግቡና ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ደውሉ።