ፎቶውን እርሱት፣ ውሃው መቼ እንደሚሸሽ ጠይቁ፦ የጅማ ልጆች ስለ ደሴት ባሕር ዳርቻ የጠየቁኝ

ጅማ ውሃ አላጣችም። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ቦዬ ረግረግ ደግሞ ጉማሬ አለ። የሚዋኝበት ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለዓመታት መንገደኛ ወደ ዛንዚባርና ሲሸልስ ስሸኝ ስለኖርኩ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልማራችሁኝም።

ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ዳርቻው ሁሉ በፎቶ አንድ ዓይነት ሆነብን። የቱ ይሻላል? (ከፈረንጅ አራዳ)

እንኳን ደስ አላችሁ! ፎቶውን ግን እርሱት። ፎቶ የሚነሳው ባሕሩ ሲሞላ ነው። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ፓጄ፣ ብዌጁና ጃምቢያኒ መሬታቸው ለጥ ያለ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል። ፎጣ ይዛችሁ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ እርጥብ ሜዳ ነው፤ ሴቶች የባሕር አረም ሲያለሙበት ታያላችሁ። ማየቱ ደስ ይላል፣ መዋኘት ግን የለም።

ዋና ዓላማችሁ መዋኘት ከሆነ ወደ ሰሜን ጫፍ ሂዱ፦ ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ። እዚያ ውሃው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ጥልቅ ስለሚሆን ሲጎድልም ይዋኝበታል። ኑንግዊ ስትይዙ ሆቴሉ በምዕራብ በኩል መሆኑን አረጋግጡ። «ኑንግዊ ነው» ተብላችሁ በምሥራቁ በኩል ከያዛችሁ ያው የፓጄ ዕጣ ይደርሳችኋል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው። ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይዘገያል። ሆቴሎች ሰንጠረዥ ይለጥፋሉ፤ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዓሣ አጥማጁን በስዋሂሊ ከጠየቃችሁት ግን የሚነግራችሁ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ቆጥሮ ነው። 3 ሰዓት ካላችሁ የኛው 3 ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ በዚህ ሲምታቱ እኛ ቤታችን ያለን ያህል ነው።

መዋኘት አልችልም። ስኖርክሊንግ ይቅርብኝ? (ከቆጪ)

አይቅርብሽ እህቴ። ስኖርክሊንግ መነጽር አጥልቆ፣ ቱቦ በአፍ ይዞ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ መንሳፈፍ ነው። ላይፍ ጃኬት ልበሺና መጀመሪያ ውሃው እስከ ወገብሽ በሚደርስበት ቦታ ተለማመጂ። ሰው ሁሉ ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ያለውን ኮራል (ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት ክምር) ይነግርሻል፤ እውነትም ዓሣው ብዙ ነው። ግን በጀልባ ተወስደሽ ጥልቁ ላይ ነው የምትወርጂው። የሚገፋ የውሃ ፍሰትም፣ የጀልባው ግርግርም አለ። ለመጀመሪያ ቀን አልመክርሽም።

መነጽሩን ከመከራየትሽ በፊት ሞክሪው። ማሰሪያውን ሳታስሪ ፊትሽ ላይ ለጥፊውና በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ስትለቂ ካልወደቀ ልክሽ ነው። ከወደቀ ሌላ ይስጡሽ፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ፀጉርም ከሥሩ እንዳይገባ። (ጢማም ወንዶች፣ ውሃ የሚያስገባባችሁ ጢማችሁ ነው፤ ባለ ሱቁን አትጣሉት።) እንፋሎት እንዳይዘው ውስጡን እንትፍ ብለሽ አሽተሽ በውሃ አለቅልቂው። ያስጠላል፣ ግን ይሠራል።

ኮራል ላይ አትቁሚ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ እግርም ይቆርጣል። የባሕር ጃርትም ስላለ የውሃ ጫማ አድርጊ።

ካይት ሰርፊንግ የት ይሻላል? መቼ? (ከአጂፕ)

ፓጄ! (ካይት ሰርፊንግ ማለት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በነፋስ ሸራ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው።) ቅድም ያማሁት ለጥ ያለ መሬት እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል። ውሃው ዝቅተኛ፣ ከታች አሸዋ፣ ኮራሉ ደግሞ ትልቁን ማዕበል ከሩቅ ይሰብርልሃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡቡ ነፋስ ይነፍሳል፤ ጅማ ዶፍ ሲወርድባት ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ የሰሜኑ ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዋናው ዝናባቸው ግን ባትሄድ ይሻላል።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ሰውነቴን የሚሸፍን የዋና ልብስ እንግዳ አይሆንባቸውም? (ከጅሬን)

በፍጹም። የዛንዚባር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። እንዲያውም አሮጌው ከተማ ስቶን ታውንና መንደር ውስጥ ተራቁቶ መሄዱ ነው የሚያስነውረው። ጀርባሽንም ከፀሐይ ያድንልሻል፤ ስኖርክል አድርጎ ጀርባው ያልተላጠ እንግዳ ብርቅ ነው።

ጋሼ፣ ሲሸልስስ? (ከመርካቶ)

ውብ ነው፣ ኪስ ግን ያራግፋል። እዚያ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ በዚያ በኩል ያለው ዳርቻ ይናወጣል። ያኔ ማሄ ደሴት ላይ በሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ይሻልሃል።

ምን ወረቀት ያስፈልጋል? (ከአጋሮ)

ለዛንዚባር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አይርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ይጠየቃል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የራሳቸውን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታ ሆኗል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖርዎትም አይተካውም።

በመጨረሻው ቀን ዳይቪንግ ሠርቼ ማታውን ልብረር? (ከፈረንጅ አራዳ፣ ሙሽራው)

እንዳታደርገው! የአየር ጋን ተሸክመህ ስትጠልቅ ደምህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣህ አረፋ ሆኖ ለአደጋ ይዳርግሃል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ጠብቅ። ዳይቪንጉን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርስና የመጨረሻውን ቀን ለስኖርክል ተወው፤ እሱ በረራ አይከለክልም።