አንድ ቃል፣ ሦስት ሙያ

ጥያቄ፦ በቴክኒክ ትምህርት ቤት «ኩዌንቺንግ» የጋለ ብረትን ውሃ ውስጥ መንከር እንደሆነ ተምሬአለሁ። በቅርቡ ግን በኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ የሕክምና መሣሪያ) ክፍል ግድግዳ ላይ «ኩዌንች» የሚል ቀይ ቁልፍ አየሁ፤ በላቦራቶሪ የምትሠራው እኅቴም ስለ ብርሃን ስታወራ ይህንኑ ቃል ትጠቀማለች። በአማርኛ «ማጥፋት» ብንለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ቃሉ በእንግሊዝኛ እሳት ማጥፋትንም ጥም ማርካትንም ስለሚገልጽ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚጠፋው ነገር በየሙያው ይለያያል።

በብረት ሥራ የሚጠፋው ግለቱ ነው። ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ የካርቦን ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ተለይቶ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፤ በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ግን ካርቦኑ ባለበት ታስሮ ስለሚቀር ማርቴንሳይት የተባለው እጅግ ጠንካራ መዋቅር ይፈጠራል። ይህ ብረት በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ባለሙያው መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል።

እኅትዎ የሚያወሩት ስለ ፍሎረሰንስ፣ ማለትም አንድ ነገር ጨረር ተቀብሎ መልሶ ብርሃን ስለሚሰጥበት ሁኔታ ይመስለኛል። በሰልፈሪክ አሲድ የሟሟ ኩዊኒን (የወባ መድኃኒት) በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲታይ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ የገበታ ጨው ሲጨመርበት ብርሃኑ ይደበዝዛል። ኩዊኒኑ ግን አልጠፋም፤ ከጨረሩ የተቀበለውን ኃይል ብርሃን አድርጎ ከመልቀቁ በፊት በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ስለሚቀማው ነው። ዲኤንኤን አባዝተው በሚለዩ ብዙ የፒሲአር ምርመራዎችም የሚያበራ ሞለኪውልና ብርሃኑን የሚያፍን ሌላ ሞለኪውል በአንድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ተጣምረው ይቀመጣሉ፤ የሚፈለገው ዘረመል ሲገኝ ኢንዛይሙ ይለያያቸዋል፣ ብርሃኑም ይታያል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀዩ ቁልፍ ነው። የአብዛኞቹ የኤምአርአይ ማግኔቶች ሽቦ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያስተላልፈው 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም እየቀዘቀዘ ነው። ቁልፉ ሲጫን ሽቦው ይሞቃል፤ በማግኔቱ የተከማቸው ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ሂሊየሙን ያፈላዋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሆን፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቱቦ ከተደፈነ ጋዙ ክፍሉን ሞልቶ ኦክስጅን ያሳጣል፤ ሰው ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ የሚነካው ማግኔቱ የሳበው ብረት ሰውን አጣብቆ ሕይወቱን አደጋ ላይ ሲጥል፣ ወይም ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መግባት የግድ ሲሆን ነው። «ማጥፊያ» ተብሎ ቢጻፍበት፣ የማያውቅ ሰው እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ይቆጥረዋል። እኔ ብጠየቅ «የአደጋ ጊዜ ማግኔት ማክሰሚያ» ብዬ እጽፈው ነበር፤ ለብረቱ «ነክሮ ማጠንከር»፣ ለብርሃኑም «ማፈን» ይበቃሉ።