ሂትሲንክ ስንት ይበቃል? ለአምፕሊፋየር ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አምፕሊፋየር ሙቀት የመጡልኝን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቹ ሲጠቀለሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣሉ፦ የሚወጣው ሙቀት ስንት ዋት ነው? ይሄ ሳይታወቅ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየር የሚያወጣውን ባለክንፍ አልሙኒየም) መምረጥ በግምት መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጥ ክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር እየሠራሁ ነው። ሂትሲንኩን በምን ልለካው?

በሚወጣው ዋት አትለካው። ከፓወር ሰፕላይህ ቮልቴጅና ከስፒከርህ ኦም ተነሳ። የአንዱን ወገን ቮልቴጅ በራሱ አባዛው፣ ውጤቱን በ2 አባዛ፣ ከዚያ ለ9.87 እና ለስፒከሩ ኦም አካፍል። ያንተ ሰፕላይ ፕላስ ማይነስ 32 ቮልት ቢሆን 1024 በ2 ሲባዛ 2048፣ ለ79 ሲካፈል 26 ዋት ገደማ ይሆናል። አንድ ቻናል በሳይን ሞገድ (በማይቋረጥ የሙከራ ድምፅ) ሲሞከር ሊያወጣው የሚችለው ትልቁ ሙቀት ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይሄን ነው፦ ክላስ ኤቢ በጣም የሚሞቀው ድምፁ ጣሪያ ሲነካ አይደለም። የጉልበቱ 40 በመቶ አካባቢ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሂትሲንኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር 35 ዲግሪ ቢደርስ፣ ሂትሲንኩም ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ ብንፈልግ፣ የተፈቀደልን ጭማሪ 25 ዲግሪ ነው። 25 ለ26 ሲካፈል ወደ 1 ዲግሪ በዋት ይጠጋል፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ የሚሞቅ። የምትፈልገው ሂትሲንክ ይሄ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሂትሲንኩ ይተልቃል።

ትራንዚስተሩንም እንይ። አውትፑት ትራንዚስተሮችህ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 ጥንድ ከሆኑ እያንዳንዳቸው 13 ዋት ይሸከማሉ። ከውስጥ እስከ ገላው 0.83፣ ሚካው (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ስስ ንጣፍ) እና ፔስቱ (በመሃል የሚቀባው ቅባት) ደግሞ 0.5 ዲግሪ በዋት ብንል፣ 13 በ1.33 ሲባዛ 17 ዲግሪ ነው። 60 ላይ ስንደምረው 77። ጣሪያው 150 ስለሆነ በደንብ ተዝናንተሃል። ሙዚቃ ከሳይን ሞገድ በጣም ያነሰ ስለሚያሞቅ 1.5 ዲግሪ በዋት ሂትሲንክም ያስኬዳል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን 1ን እመርጣለሁ። ትራንዚስተር ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ያንኑ አምፕ 4 ኦም ላይ ብሰካውስ?

ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ 52 ዋት። ሂትሲንኩም 0.5 መሆን አለበት። በነገራችን ላይ ክንፉን ወደ ላይ በእጥፍ ማስረዘም ሙቀቱን በግማሽ አይቀንስልህም፤ ከታች የሞቀው አየር ነው የላይኛውን ክፍል የሚያገኘው። ወደ ጎን ብታሰፋው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኤልኤም3886 (በአንድ ቺፕ ያለቀ አምፕሊፋየር) ድምፁን ከፍ ሳደርገው ይቆራረጣል። ሂትሲንኩ ግን ገና ለብ እንኳ አላለም።

ቺፑ ራሱ እየፈጀ ሂትሲንኩ ለብ ካላለ፣ ሙቀቱ መሻገሪያ አጥቷል ማለት ነው። ቺፑ ራሱን ሊያድን ነው ድምፁን የሚቆርጠው። ኃይሉን አጥፋ፣ ኮንደንሰሮቹ ባዶ እስኪሆኑ ጠብቅ፣ ከዚያ ብሎኑን ፍታና የፔስቱን አሻራ ተመልከት። በስስ እኩል ከተዳረሰ ጥሩ። በአንድ ጎን ብቻ ከተጫነ ቺፑ አንጋዷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የብሎን ቀዳዳው አፍ ላይ ድሪሉ ትቶት የሄደው ስለት ነው። በጣት ስትዳብሰው ይቧጭርሃል። ወፈር ያለ የድሪል ምላስ በእጅህ ይዘህ ሁለት ሦስቴ አዙርበት፣ ይነሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀርባው ብረት የሆነው ኤልኤም3886 ብረቱ ከማይነስ ሰፕላዩ ጋር የተገናኘ ነው። ሚካና የፕላስቲክ ቀለበት የግድ ነው። ካሰርከው በኋላ ኃይል ሳትሰጥ በመልቲሜትር በብረቱና በሂትሲንኩ መሃል ለካ። ሾርት ካሳየህ ፈትተህ እንደገና።

ሂትሲንኩ ግን በደንብ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ስፒከሩ ኦሙ ዝቅ ያለ እንደሆነ እፈትሽ ነበር።

ጥያቄ፦ ፔስት ሲበዛ ይሻላል?

አይሻልም። ፔስት የአየር ክፍተት ለመሙላት እንጂ እንደ ብረት ሙቀት አያስተላልፍም። ለሚካ በሁለቱም በኩል በስሱ ቀቢ። የሲሊኮን ፓድ ከሆነ ምንም አትቀቢ።

ጥያቄ፦ ባያሱን (ሙዚቃ ሳይኖር በአውትፑት ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ከረንት) 50 ሚሊአምፕ ላይ አስተካክዬው ከግማሽ ሰዓት በኋላ 150 ደርሶ አገኘሁት። ሂትሲንኩ አንሶብኝ ይሆን?

መጀመሪያ ቢዲ139ን (ባያሱን የሚቆጣጠረውን ትንሽ ትራንዚስተር) የት እንዳሰርሽው እይ። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ፣ የሚፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። የባያሱ ቮልቴጅ እንዳለ ከቆየ ከረንቱ ያድጋል፣ ከረንቱ ደግሞ መልሶ ያሞቃል፣ እንዲህ እያለ እስኪቃጠል። ቢዲ139 ይህን ለማረም ነው የተቀመጠው። ሰርኪት ቦርዱ ላይ ብቻውን ከቆመ የሚሆነውን አያውቅም። እዚያው ሂትሲንክ ላይ፣ ከአውትፑት ትራንዚስተሩ አጠገብ እሰሪው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አሙቂና ከአውትፑት ትራንዚስተሩ ጋር በተያያዘው 0.22 ኦም ሬዚስተር ላይ ለኪ፤ 11 ሚሊቮልት 50 ሚሊአምፕ ነው። ይህን ሁሉ አድርገሽ ከረንቱ አሁንም ከጨመረ፣ ያኔ ሂትሲንኩን እንጠረጥራለን።

ጥያቄ፦ ክላስ ኤ ብሠራስ?

እዚያ ጋ ስሌቱ ቀላል ነው፣ አልሙኒየሙ ግን ከባድ። ፕላስ ማይነስ 22 ቮልትና 1.3 አምፒር ከሆነ 44 በ1.3 ሲባዛ 57 ዋት። ለአንድ ቻናል፣ ሙዚቃ ኖረም አልኖረ። ለስቴሪዮ 114 ዋት። ለእያንዳንዱ ቻናል 0.4 ዲግሪ በዋት አካባቢ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቀለም፣ የክንፍ አቅጣጫ፣ ፋን፣ የትኛው ነው ለውጥ የሚያመጣው?

ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ከታችም ከላይም አየር ይግባ፣ ይውጣ። ጥቁር አኖዳይዝ ያለ ፋን ሲሠራ ይጠቅማል፣ ፋን ካለ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። የ12 ቮልት ፋን በ7 ቮልት ብታሽከረክረው ድምፁ ብዙም አይሰማም፣ ሂትሲንኩን ግን በጣም ያግዘዋል። ብቻ ፋኑ ቢቆም የሚያጠፋ የሙቀት ስዊች ሂትሲንኩ ላይ እሰር።