ከቶሮንቶ ካልጋሪ በመኪና፦ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው ወይ?

እህቴ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ከነቤተሰብሽ ከቶሮንቶ ወደ ካልጋሪ በመኪና ልትዛወሩ እንደሆነ ጽፈሻል። ሰዎች "መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው፣ ተራራው ከካልጋሪ ወዲያ ነው" ብለውሽ እውነት መሆኑን ነው የጠየቅሽው። በዚህ መስመር በከባድ መኪና ጭነት ስመላለስ ዓመታት ስለቆየሁ ልመልስልሽ። የነገሩሽ ግማሹ እውነት ነው። መንገዱ 3,400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሜዳ የሚባለው ከዊኒፔግ ወዲህና ወዲያ ያለው ነው፣ 1,400 ቢሆን ነው። ሌላው ድንጋይ፣ ደንና ሐይቅ ነው።

ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ስትነዱ እርሻው ያልቃል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በድማሚት በተሰነጠቀ ሮዝና ግራጫ ዐለት መሃል ይሄዳል። ካናዲያን ሺልድ የሚሉት ይሄ ነው፤ የአገሪቱን ግማሽ ይይዛል። በጣም አሮጌ መሬት ነው። በሰሜኑ ጫፍ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው ድንጋይ ተገኝቶበታል። ዛሬ ይህን መልክ የሰጠው ግን በረዶ ነው። በበረዶ ዘመን እዚህ ላይ የተኛው ግግር ውፍረቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ ነበር። አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፣ ዐለቱን ቦረቦረው፤ ሲቀልጥ ደግሞ የቦረቦረው ሁሉ ውሃ ያዘ። በየኩርባው ሐይቅ የምታዩት ለዚህ ነው። ሰውም ያልሰፈረው ለዚህ ነው፤ ምን ያርሳል?

ሱ ሴንት ማሪ ከምትባለው ከተማ እስከ ተንደር ቤይ ከተማ ያለው 700 ኪሎ ሜትር የጉዟችሁ ከባዱ ክፍል ነው። ሃይዌይ 17 ሱፒሪየር ሐይቅን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፍታው ከደጋችን ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም፤ ዳገቱ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ በተለይ ሞንትሪያል ሪቨር ጋ ያለው። ሐይቁ 82,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ነው፣ ከጣና ከ20 እጥፍ በላይ። በመኸር ውሃው የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው። ከላዩ ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍ እርጥበቱን ይጠጣና ዳርቻው ላይ ሲደርስ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። አሥር ደቂቃ በፊት ፀሐይ ነበር፣ አሁን የፊት መኪናው አይታይም። እባካችሁ የክረምት ጎማ ሳታስገቡ አትውጡ። ማታም አትንዱ፤ ሙስ የሚባለው ግዙፍ እንስሳ አስፋልት ላይ ይቆማል፣ መብራት ሲያርፍበትም አይነቃነቅም።

ተንደር ቤይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። ከከተማው በስተደቡብ ያሉት ተራሮች አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ጎናቸው ገደል ነው። አምባ ናቸው በቃ! ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ከመሸርሸር ጠብቆት ነው እንዲህ የቀሩት። እዚያ ቆሜ አገሬን ያላሰብኩበት ጊዜ የለም።

ከተንደር ቤይ በኋላ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ። ነዳጅ ባገኛችሁበት ቅዱ።

ዊኒፔግ ልትደርሱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራችሁ ዛፉ በድንገት ያልቅና መሬቱ እንደ ምጣድ ይዘረጋል። ይሄ የድሮ ሐይቅ ወለል ነው። ግግሩ ሲቀልጥ ውሃው መውጫ አጥቶ ተኝቶበት ነበር፣ አጋሲዝ ይሉታል። ደለሉ ለስንዴ ወርቅ ነው። ችግሩ፣ በከተማው የሚያልፈው ወንዝ፣ ሬድ ሪቨር፣ የሚፈሰው ወደ ሰሜን መሆኑ ነው። በጸደይ ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሰሜኑ ገና በረዶ ነው፤ ውሃው የት ይግባ? በ1950 ከተማውን አጥለቀለቀው። ከዚያ በኋላ ነው ከተማውን የሚዞር ትልቅ ቦይ የተቆፈረው።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ መሰላችሁ እንጂ እየወጣችሁ ነው። ዊኒፔግ 240 ሜትር አካባቢ ነው፣ መሃል ላይ ያለችው ሬጃይና ከተማ 580 ገደማ፣ ካልጋሪ ከ1,000 በላይ። ዓይን አያየውም፣ የነዳጅ ጌጁ ግን ያውቃል። ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ዕቃ የጫነ ተጎታች ካላችሁ ለነዳጅ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።

ከካልጋሪ ወዲያ ያሉትን ተራሮች፣ ሮኪዎቹን፣ በጠራ ቀን ካልጋሪ ልትገቡ ስትሉ በአድማስ ላይ ታዩአቸዋላችሁ። ክረምት ላይ በእነሱ በኩል ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ይመጣል። አየሩ ተራራውን ሲወጣ እርጥበቱን ይጥላል፣ ሲወርድ ደርቆ ይሞቃል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። ራስ ምታት የሚነሳባቸው አሉ፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

አንዳንዱ ሰው ሱፒሪየርን ፈርቶ በአሜሪካ በኩል፣ በሚችጋንና በሚኒሶታ ይዞራል። መንገዱ ይሻላል። ግን ለሁላችሁም ቪዛ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ድንበሩ ላይም የጫናችሁትን የቤት ዕቃ ዝርዝር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ዝርዝሩን ከአሁኑ ጻፉት።